ሽንኩርት የሚከተፍበት ንጉሥ

ብራስልስ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1835

ይድረስ የሥዕሎቼ ምላስ ለሆንከው ለወዳጄ ለኢዚዶር ፕላንቴ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከዝናቡ፣ ከቁንጫውና ከአከራዬ የንጋት ጸሎት በቀር ደህና ነኝ። «ድንበሩን እንዴት አለፍከው?» ላልከኝ፣ በታላቅ ክብር ነው ያለፍኩት፤ በዶሮ ነጋዴ ጋሪ፣ በሁለት ቅርጫት መካከል ተጋድሜ። ኬላው ላይ ዘበኛው እጁን ቢሰድ አንዷ ዶሮ ጠቅ አደረገችው። «ይቺ ደግሞ የሪፐብሊክ ወገን ናት!» ብሎ ሳቀና አሳለፈን። ንጉሡን በመዝለፍ ሁለት ዓመት የተፈረደበት ወንጀለኛ በዶሮ ሲድን እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ሽሽ ብለህ የመከርከኝ አንተ ነህና ውለታህን አልረሳም። እኔ ሞኙ ወኅኒ ገብቼ ልኮራ ነበር።

«ድንጋዩስ ተፋቀ ወይ?» ላልከኝ፣ ንጉሡ ጫማ ሰፊ ሆኖ፣ ጫማው አልገባ ሲለው የሕዝቡን ጣት የሚቆርጥባት ያቺ ሥዕላችን ተሥላ ከምትታተምበት ድንጋይ ጋር ትጥፋ ብሎ ፍርድ ቤቱ አዝዟል። እትዬ ሴሌስቲንም በአሸዋ ፈግፍጌ አጥፍቻታለሁ ብላ መስቀል ጨብጣ ምላለች። ሌላውን አትጠይቀኝ። የማተሚያ ቤት ባለቤት የሆነች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በሐሰት ምላ እንደሆነ፣ የሰዓሊ እንባ አይታ ነው እንበል።

አሁን ወደ ሥራችን። አዲሱ ሕግ ሥዕል ሁሉ የምርመራ ቢሮው ሳይፈቅደው አይሸጥም ካለ ወዲህ ንጉሡን በፊት ለፊት መንካት ቀርቷል፤ በጓሮ እንገባለን። በሥስ ወረቀት፣ በቅባት ቀለም ጥርስ ነቃይ ሥዬ ልኬልሃለሁ። እትዬ ሴሌስቲን ድንጋይ ላይ ትገልብጠው፤ አንተ ከሥሩ የሚጻፈውን ጣል አድርገህ የመጀመሪያውን እትም ቢሮ አስገባው። ምን እንደ ሸሸግኩበት እንድታውቀው፣ ነቃዩ የፍርድ ሚኒስትሩ ነው። የበሰበሰውን ጥርስ ትቶ ጤነኛውን ይነቅላል። ጤነኛው ጥርስ ጋዜጣ ነውና ከታካሚው ኪስ የታጠፈች ወረቀት ብቅ አድርጌያለሁ። አንተ ካልነገርካቸው አንድም ነፍስ አይደርስባትም።

ያንተው ባስትያን


ፓሪስ፣ ኦክቶበር 17

ይድረስ ለስደተኛው ሊቅ ለባስትያን ሎርሜል፤

ሰላምታዬ ከዶሮዋ ጀምሮ ለሁላችሁም ይድረሳችሁ። ይቅርታህን እየለመንኩ መርዶዬን ላውጣው፤ ጥርስ ነቃዩ ተከልክሏል። ማተሚያ ቤት ስመለስ እትዬ ሴሌስቲን እጇን እስከ ክርኗ በቀለም ነክራ ቆማለች።

«እህ፣ ምን አሉህ?»

«አይሆንም አሉ።»

«በምን ጥፋት?»

«ከኪሱ ብቅ ያለችው ወረቀት ጋዜጣ ናት አሉ።»

«ውይ በሞትኩት! እኔ እኮ መሀረብ መስላኝ ነው ያተምኳት!» አለች። ቀጥላም፣ «ለዚያ ለባስትያን ንገረው፤ እኔን እየሸሸገኝ ለእነሱ የሚገልጥ ከሆነ ሥዕሉን እነሱው ያትሙለት» ብላሃለች። ሰላምታ ማለቷ ነው።

ስለ ኑሮዬ ለጠየቅከው፣ ደህና ነኝ። ጧት ጧት የምሠራት ሥራ ቢጤ አግኝቻለሁ። ወረቀት ማገላበጥ ነው፤ አሰልቺ ስለሆነ አላወራህም። ይልቅ የሚቀጥለውን ላክ፤ የሸሸግከውንም አብራራልኝ፤ ሳላውቀው መጻፍ ያቅተኛል።

ኢዚዶር


ብራስልስ፣ ኦክቶበር 29

ውድ ኢዚዶር፤

ክልከላውን አንብቤ በቁጣ ልነሣ ስል በአድናቆት ተቀመጥኩ። ይህ መርማሪ ማን ነው? ወረቀቷ እኮ የምስር ፍሬ አታክልም! በዚህች ምድር ላይ ሥዕሌን እንዲህ ያነበበልኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። የሚያደንቁኝ ሁሉ «አፍንጫው ሲያስቅ!» ብለው ያልፋሉ። እሱ ኪስ ገባ። ብታገኘው ባርኔጣህን አንሣልኝ። እንዲህ ያለ ዓይን ለመንግሥት ማደሩ ግን ወርቅ ማንኪያ ለአሳማ ነው።

እስቲ ይህቺን ይሞክራት። ዝይ ነጂ ገበሬ ሰባት ዝይ ወደ ገበያ ይነዳል። ዝይዎቹ የምክር ቤት አባላት ናቸው። እግራቸው የታሰረበት ገመድ የክብር ኒሻን ጥብጣብ ነው፤ ሦስተኛዋ ዝይ አንገቷን የምትሰብቅበትን ዓይነት ታውቀዋለህ፤ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ እንዲህ ነው የሚሳለመው። ያንተን ጽሑፍ በጉጉት እጠብቃለሁ።

ባስትያን


ፓሪስ፣ ኖቬምበር 14

ወንድም ዓለም፤

ምን ብዬ ልጀምር? ዝይዎቹም ቀሩ። «ሦስተኛዋ አንገት የአንድ የተከበሩ ሰው ሰላምታ ነው፤ ጥብጣቡም ገመድ አይደለም» የሚል ነው ቃሉ።

ባርኔጣዬን አነሣሁልህ። መርማሪው አድናቆትህን ሲሰማ ፊቱ ቀላ ይላሉ። ሰውየውን ግን እንደ ጭራቅ አትሣለው ባስትያን። ምናልባት ጧት ተነሥቶ ጺሙን የሚላጭ፣ የበሰለ ሰው ይሆናል። ምናልባት ዕድሜውን ሙሉ «አንተም አለህ ወይ?» ያለው ሰው የለም። በዚያ ላይ አነባበቡ ተራ አይደለም። ያገሩ ምርጥ አንባቢ እሱ ነው ያልከው አንተ ራስህ ነህ፤ እኔ አልጨመርኩበትም።

ቤት ቀይሬያለሁ፤ አዲሱን አድራሻ ከጀርባ ጽፌዋለሁ። ለምን እንደ ቀየርኩ አትጠይቀኝ፤ የድሮው ደረጃ ጉልበቴን ጨረሰው።

ኢዚዶር


ብራስልስ፣ ዲሴምበር 1

ውድ ኢዚዶር፤

እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃህ። ይህ ደብዳቤ በፖስታ አልመጣም፤ ዳንቴል የሚነግድ አንድ ደግ ሰው በጫማው ውስጥ አድርጎ ነው በእጅህ የሚሰጥህ። ደብዳቤዎቻችንን እየከፈቱ ያነቧቸዋል የሚል ጥርጣሬ ገብቶኛል።

ከዚህ ጋር አንዲት ሴት ጥቅል ጎመን ስትገዛ ሥያለሁ። የሸሸግኩት ጎመኑ ውስጥ ነው፤ ጎመኑ የጦር ሚኒስትሩ ነው። ቅጠሎቹን እያቸው፤ ጉንጩ ቁርጥ እሱን ነው። አደራ፣ ለማንም።

ባስትያን


ፓሪስ፣ ዲሴምበር 16

ወንድሜ፤

ከሰላምታ በፊት ይቅርታ፤ ከይቅርታ በኋላም ይቅርታ። ጎመኑም ተከለከለ። «የጎመኑ ጉንጭ የጦር ሚኒስትሩን ክብር ይነካል» ተብሏል። እኔ በበኩሌ ጥሩ አድርጌ ጽፌልህ ነበር፦ «ይህ ጎመን ልብ አለው ወይ?» «ገልጠው ይዩት፣ እመቤቴ።» ምን ይደረግ። እትዬ ሴሌስቲን ዘንድሮ ብርዱ ጠንቶባታል፤ ትስላለች።

ኢዚዶር


ብራስልስ፣ ዲሴምበር 28

ኢዚዶር፤

ጎመኑ ጎመን ነበር።

አከራዬ ለሾርባ የገዛችው ጎመን ነው፤ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ሣልኩት፤ ከዚያ በላነው። ሚኒስትር የሚባል ነገር በውስጡ አልነበረም፤ ቢኖርም ቅቤው አሸንፎታል። ሚኒስትሩ የነበረው ደብዳቤዬ ላይ ብቻ ነው። ደብዳቤው ደግሞ ከነጋዴው ጫማ ወጥቶ አንተ እጅ ገባ። ስለዚህ መርማሪው አንባቢ አይደለም፤ ሰሚ ነው። የሚያሰማው ደግሞ እኛው መሀል አለ።

አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት አብረን በልተናል። እንግዲህ እውነቱን ንገረኝ፤ ደብዳቤዬን ለማን አነበብክለት?

ባስትያን


ፓሪስ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1836

ባስትያን ወንድሜ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ያነበብኩት ለእትዬ ሴሌስቲን ብቻ ነው። እንግዲህ እኔ ምንም አላልኩም። የማተሚያ ፈቃዷ በዚህ ወር እንደሚታደስ ማንም ያውቃል፤ የሁሉም ሲጓተት የእሷ በሦስት ቀን መውጣቱንም ማንም ያውቃል። ባለፈው ሳምንት አንድ የፖሊስ ሹም ከቤቷ ሲወጣ አይቻለሁ፤ አፉን እየጠረገ ነበር፤ ምናልባት ውኃ ጠምቶት ይሆናል። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ ብቻዋን ናት፣ ፈርታ ይሆናል። አትፍረድባት።

የሚያስፈራኝ ያቺ ድንጋይ ናት። ስምህ የተጻፈባት፣ ያስፈረደችብህ። እሷ እጅ ካለች አንድ ቀን መነገጃ ታደርጋታለች። የት እንዳለች ብትነግረኝ ቀስ ብዬ አወጣልህ ነበር። ካልፈለግክ ተወው።

ኢዚዶር


ብራስልስ፣ ጃንዋሪ 15

ኢዚዶር፤

ደብዳቤህ በደረሰኝ ምሽት ይህን እጽፍልሃለሁ።

እንጀራ እናት ብትሆን ይሻለኝ ነበር! ልጅ የላትምና ልጇ ነኝ ብዬ፣ እሷም «አንተ ከይሲ፣ ሾርባህ ቀዘቀዘ» ስትለኝ እንደ ምርቃት እየቆጠርኩ! የገዛ ቀለሜን እየጠጣች ሸጠችኝ። ያቺ ሴት ከእንግዲህ አንድ መስመር እንኳ አታትምልኝም፤ ሥዕሎቼን ሁሉ ሰብስብና ውሰድ።

ድንጋዩ ማድ ቤቷ ነው። በፊቱ ተደፍቶ፣ በጀርባው ሽንኩርት ትከትፍበታለች። ንጉሡ ከሥር፣ ሽንኩርቱ ከላይ። ስታለቅስ ሽንኩርቱ እንዳይመስልህ፤ ተንኮሏ ነው። አውጣው።

ባስትያን


ፓሪስ፣ ፌብሩዋሪ 3

ውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ነህ? ወንዙ ዳር ዳሩ በረዶ ሠርቷል፤ ልጆች ድንጋይ እየወረወሩበት ይሰብሩታል። ቲያትር ቤቱ አዲስ መጋረጃ ሰቅሏል፤ ከተውኔቱ መጋረጃው ይሻላል ይላሉ።

«ድንጋዩን አወጣኸው ወይ?» ላልከኝ፣ ወጥቷል። እትዬ ሴሌስቲን ለጊዜው ከቤት የለችም። ማተሚያ ቤቱም ለጊዜው ተዘግቷል። ዝርዝሩን በቃል እነግርሃለሁ፤ በወረቀት አይጣፍጥም።

በቃል ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ጉዳይህን ለትልልቅ ሰዎች ነግሬልህ ነበር። ይቅርታ ጠይቀህ ብትገባ፣ የፋሽን መጽሔት ላይ ባርኔጣና ቀሚስ ብትሥል፣ ሁለቱ ዓመት ይፋቅልሃል። ና እንጂ። በሰው አገር ጎመን ምን ታደርጋለህ?

ኢዚዶር


ብራስልስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ለሙሴ ኢዚዶር ፕላንቴ፤

ትናንት ጋሼ ባርናቤ መጣ። አስታወስከው? የእትዬ ሴሌስቲንን ማተሚያ ሃያ ስድስት ዓመት የገፋው፣ ቀኝ ትከሻው ከግራው የወረደው ሽማግሌ። ማሽኑ ሲታሸግ ሥራ ፍለጋ እዚህ ድረስ በእግሩ መጣ። እጄን ዘረጋሁለት። እጄን አይቶ እግሬ ሥር ተፋ።

«ጋሼ ባርናቤ፣ ምን አደረግኩ?»

«እኔን አትጠይቀኝ። ሽንኩርቱን ጠይቀው።»

ቀስ በቀስ ከአንደበቱ አወጣሁት። ፖሊሶቹ አራት ሆነው መጡ። ማተሚያ ክፍሉን አልፈተሹም፤ መሳቢያ አልከፈቱም። ሹሙ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እመቤት፣ ሽንኩርት የሚከተፈው በየት በኩል ነው?» አለ። ድንጋዩን ገልብጠው ንጉሡን አገኙት። «ማን ነገራችሁ?» አለቻቸው እሷ። ሹሙ ጃንዋሪ 15 የጻፍኩልህን ደብዳቤ ከኪሱ አውጥቶ ከላይ እስከ ታች አነበበላት። እንጀራ እናት ያልኩትን፣ ተንኮሏ ነው ያልኩትን፣ ሁሉን። እትዬ ሴሌስቲን ነጠላ ጫማዋን ቀይራ ተከተለቻቸው። በሐሰት በመማሏ አንድ ዓመት ፈረዱባት፤ ፈቃዷም ተሰረዘ። ይህ ነው በወረቀት የማይጣፍጠው።

ጋሼ ባርናቤ ሌላም ነገር ይዞ መጣ። ከቢሮው የተመለሰውን የጎመን እትም፤ አጣጥፎ ከሸሚዙ ሥር አድርጎት ነበር። «ተከልክሏል» የሚል ማኅተም አለበት። ከማኅተሙ በላይ መርማሪው ያንተን ጽሑፍ በቀይ ቀለም ሰርዞ ሌላ ጽፎበታል፦ «ይህ ጎመን ልብ አለው ወይ?» «ነበረው እመቤቴ፤ ሹመት ሳያገኝ በፊት።»

ይሻላል፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ከመጀመሪያው ይሻላል። ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳስራልም። በዚህ ዓለም ላይ አንድን ሥዕል ከልክሎ፣ ከከለከለው በኋላ ጽሑፉን የሚያሳምርለት አንድ ሰው ብቻ አለ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። ቀለም ቀይረህ የእጅ ጽሑፍህን ግን አልቀየርክም።

እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት ነበር የምታደርገው? ባርኔጣህን አውልቀህ ታመለክታለህ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ዞረህ ባርኔጣህን ደፍተህ ትከለክላለህ? «ሙሴ ፕላንቴ፣ አዝናለሁ» «ምንም አይደል፣ ሙሴ ፕላንቴ» ትባባላለህ? እኔ ደግሞ እዚህ ተቀምጬ አነባበብህን ሳደንቅ! «ፊቱ ቀላ» ያልከው የራስህን ፊት ነው። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች። አንተ ያጠብከው ግን መጽሐፍ አይደለም።

ባስትያን ሎርሜል


ፓሪስ፣ ማርች 3

ባስትያን፤

ጥያቄህን በሙሉ ልብ እመልሳለሁ፤ አዎ፣ መርማሪው እኔ ነኝ። ከኦክቶበር ጀምሮ።

«ለምን?» ላልከው ደግሞ ይኸው። ከጫማ ሰፊው ንጉሥ ሥር «ጫማው ልክ ነው፤ ትርፉ እግሩ ነው» ብሎ የጻፈው ማን ነው? ፓሪስ በየመሸታ ቤቱ ሲደግማት ከረመ። ሥዕሉን በሳምንቱ ረሱት፤ ቃሉን ግን እስከ ዛሬ ጫማ ጠራጊው ሳይቀር ይለዋል። ከሥዕሉ ሥር የተጻፈው ስም የማን ነው? ያንተ ብቻ። ፍርድ ቤት የቀረብክ ቀን ከኋላው ወንበር ተቀምጬ፣ «ጽሑፉንስ ማን ጻፈው?» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ የምመልሰውን አዘጋጅቼ። ማንም አልጠየቀም። አቃቤ ሕጉ እንኳ ለክስ አልቆጠረኝም! ቅር አለኝ ብልህ ትስቃለህ። ሳቅ። ቢሮው ግን ስሜን ጠርቶ ነው ያስገባኝ፤ በሩ ላይም ጽፎታል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማንበብ ነው፤ ማንበብ ወንጀል ከሆነ አንባቢዎችህ ሁሉ ይታሰሩ። እያወቅኩ እንዳላወቅኩ ላሳልፍ ስል ያንተ አድናቆት መጣ። ከዚያ በኋላ ማሳለፍ አቃተኝ።

ስለ እትዬ ሴሌስቲን ማምለጫ የለኝም። ቢሮው የመቀመጫዬን ዋጋ ጠየቀኝ፤ ከፈልኩ። አንድ ነገር ግን ልመልስልህ። ጥርስ ነቃዩ በተከለከለ ጊዜ ወረቀቷ መሀረብ መስላት እንደ ነበር በገዛ እጄ ጽፌልሃለሁ። ያላወቀችውን ልታሳብቅ አትችልም ነበር። ደብዳቤው ሳጥንህ ውስጥ አለ። እኔ ስዋሽህ አንድ ቃል ብቻ ነው የዋሸሁህ፤ የቀረውን አንተው በአንድ ምሽት ጨረስከው። ለእሷ ሁለት መስመር ጽፈህ «እውነት ነው ወይ?» ለማለት ምን ከለከለህ? የፖስታ ክፍያ?

ይቅርታው አሁንም አለ። ብትመጣ ይሻልሃል።

ኢዚዶር


ብራስልስ፣ ማርች 14

ለሙሴ ኢዚዶር ፕላንቴ፣ የሥዕል ምርመራ ቢሮ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ ፖስታ ክፍያው የጻፍከውንም አንብቤያለሁ። ሳጥኔን ከፍቼ መሀረብ የምትለዋን ደብዳቤ አወጣኋት፤ አለች፣ እንዳልከው ናት። ያን ጊዜ አንብቤ ስቄባት ነበር። ስቄ አለፍኳት፤ የሥራዬ ጠባይ ነው። ሰው ላይ ለመፍረድ አፍንጫውን ማየት ይበቃኛል፤ ሃያ ዓመት የኖርኩበት በዚህ ነው። ያንተን አፍንጫ ግን እወደው ነበርና አልሣልኩትም፤ የእሷን ብቻ ሣልኩ።

የከዳኸኝን ያህል ልጠላህ ሞክሬ ነበር። እየሞከርኩ ሳለ የፖሊሱ ሹም ደብዳቤዬን ሲያነብላት ድምፁ ይመጣብኛል፤ የሚያነበው ያንተን ቃል አይደለም።

ስለዚህ ሐሳቤን ልንገርህ። ድንጋዩን የሸሸገችው እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። ፍርድ ቤቱ ሳያስፈጽም አስቀድሜ፣ እሷ ሳታውቅ፣ ማድ ቤቷ አስገብቼ ደፋሁት። እሷ የፈገፈገችው ሌላ ድንጋይ ነው፤ የማለችውም የመሰላትን ነው። ሽንኩርቱን የከተፈችበትም ባዶ ጠፍጣፋ ድንጋይ መስሏት ነው። ይህንን ሐሰት ለጠበቃዋ ጽፌ ልኬ ነበር፤ የሸሸ ሰው ወረቀት ዋጋ የለውም፣ አካሉ ይምጣ ብሎ መለሰልኝ። ልክ ነው። ሁለት ዓመቱ ላይ ስንት እንደሚጨምሩብኝ አላውቅም፤ ቃሌን ከተቀበሉኝ ግን እሷ መሐላዋን አላፈረሰችም፤ ካላፈረሰች ቤቷ ትመለሳለች፤ ፈቃዷንም ትጠይቃለች።

ከፋሽን መጽሔቱ ጋር የተዋዋልክልኝን ባርኔጣና ቀሚስ ለሌላ ስጥ።

ይቅር ትለኛለች ብዬ እንዳይመስልህ። ደብዳቤ ልኬላት ነበር፤ ሳትከፍተው መለሰችው። ጋሼ ባርናቤም «ፊትህን እንዳታሳያት» ብሎኛል፤ አላሳያትም። እኔ በአንደኛው በር ስገባ እሷ በሌላኛው ትውጣ። ከዚያ በላይ የምለምነው የለኝም። ጋሼ ባርናቤ እስከ ሠረገላው ጣቢያ ዕቃዬን ልያዝልህ ብሏል፤ እጄን ግን እስካሁን አልጨበጠኝም።

ቃሌን ሐሰት ነው ብለህ ማፍረስ የምትችል አንድ ሰው አንተ ነህ። ኦክቶበር 4 ስለ ሐሰተኛው መሐላ የጻፍኩልህ እጅህ ላይ ነው። ብታወጣው እኔም እሷም ወኅኒ እንቀራለን። አታውጣው ብዬ አልለምንህም፤ አንተን መለመን ምን እንደሚያስከትል አይቻለሁ። አንብበው፣ ከዚያ ለአንድ ጊዜ እንኳ እንዳላነበበ ሰው ዝም በል።

ሠረገላው ሰኞ ይነሣል፤ ረቡዕ ጧት ፓሪስ ነኝ። ና ስትለኝ ከረምክ፤ ይኸው መጣሁ። ልትቀበለኝ አትውጣ።

ባስትያን ሎርሜል